ቀን ለፊደል፣ ማታ ለጨዋታ፤ ደሴ ላይ ሞኒተር ስመርጥ ያየሁት

ጌሚንግ ሞኒተር ልትገዙ ወደ ሱቅ ስትሄዱ አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ፊደሉ መጠኑ 11 ወይም 12 የሆነ፣ ነጠላ ሰረዝም፣ ድርብ ሰረዝም፣ አራት ነጥብም ያለበት ይሁን። በ100 ፐርሰንት ክፈቱትና ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ፣ ክንድ በሚያህል ርቀት፣ ሳታጎነብሱ አንብቡት። ነጠላውን ሰረዝ ከድርቡ ለመለየት ዐይናችሁን የምታጠቡ ከሆነ፣ ካርቶኑ ላይ 144 ኸርዝ ይጻፍ፣ 165 ይጻፍ፣ 240 ይጻፍ፣ ያ ሞኒተር ለሥራ አይሆናችሁም። እኔ ይህን ያወቅሁት ሁለት ሞኒተር ገዝቼ አንዱን በኪሳራ ከሸጥኩ በኋላ ነው።

የምኖረው ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። የቤታችንን የፊት ክፍል የጽሕፈትና የዲዛይን መሥሪያ አድርጌ እዚያው እውላለሁ። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ መጥሪያ ካርድ፣ ባነር፣ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ዐይኔ ከስክሪን አይነቀልም። ከራት በኋላ ደግሞ በዚያው ኮምፒዩተር፣ በዚያው ወንበር ላይ ከጓደኞቼ ጋር ካውንተር-ስትራይክ 2 የሚባለውን የተኩስ ጨዋታ እጫወታለሁ። ቅዳሜ ማታ ወንበሩ የታናሽ ወንድሜ ነው፤ እሱ ፔስ ከሚባለው የእግር ኳስ ጨዋታ ሌላ አያውቅም። አንዱን ለሥራ፣ አንዱን ለጨዋታ ብዬ ሁለት ሞኒተር ለመግዛት አቅሙ ስለሌለኝ አንዱ ሁለቱንም መቻል ነበረበት። ይህን የምጽፈው እንደኔ በአንድ ስክሪን እንጀራውንም መዝናኛውንም ለሚያስኬድ ሰው ነው።

ሁሉም ቀድሞ የሚጠይቀው ኸርዙን ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ኸርዝ ሞኒተሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምስሉን ስንት ጊዜ እንደሚያድስ የሚናገር ቁጥር ነው። ተራው የቢሮ ሞኒተር 60 ጊዜ ያድሳል፤ ከአንዱ ምስል እስከሚቀጥለው 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ያልፋል። 144 ላይ ይህ ወደ 6.9 ይወርዳል፣ 240 ላይ ወደ 4.2። ልዩነቶቹን አስሉት፤ ከ60 ወደ 144 ስትወጡ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ታተርፋላችሁ፣ ከ144 ወደ 240 ስትወጡ ግን ትርፉ 3 እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያውን ልዩነት ኮምፒዩተር ነክታ የማታውቀው እናቴም አይታዋለች፤ ማውሱን ሳንቀሳቅስ ጎኔ ቆማ "አሁንስ ቀስቱ መዝለሉን ተወ" አለችኝ። ሁለተኛውን ለማየት የሠለጠነ ዐይንና በሰከንድ ያን ያህል ምስል የሚያመርት ጉልበተኛ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋል። ስለዚህ እንደኔ ላለ ሰው 240 ለሚል ጽሑፍ ተጨማሪ ከመክፈል ያንኑ ገንዘብ ወደ ስክሪኑ ጥራት ማዞር ይሻላል ባይ ነኝ።

ከፍተኛ ኸርዝ የሚጠቅመው ለጨዋታ ብቻ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ከጨዋታው ይልቅ የገረመኝ በሥራዬ ላይ ያየሁት ነው። የ90 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ ሳርም ቀኑን ሙሉ ወደ ላይና ወደ ታች ስክሮል ሳደርግ እውላለሁ። 60 ላይ ገጹ ሲንቀሳቀስ መስመሮቹ ተቀላቅለው ይደበዝዛሉ፤ ቆም ካላደረግሁት ምንም አላነብም። 144 እና ከዚያ በላይ ላይ ገጹ እየወረደ ሳለ ንዑስ ርዕሱን፣ የሰንጠረዡን ቁጥር፣ የምዕራፉን መጀመሪያ አያለሁ፤ የምፈልገው ቦታ ላይ ሳልፈው እቆማለሁ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በቀን አንድ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ግን ትንሽ አይደለም።

የመጀመሪያውን ሞኒተር የገዛሁት ፎቶውን በቴሌግራም አይቼ ነው። 27 ኢንች፣ ጎበጥ ያለ ስክሪን፣ 165 ኸርዝ፣ 1 ሚሊሰከንድ። በፎቶው ላይ ግርማው ልዩ ነበር። ሻጩ አዲስ አበባ ነው፤ ስደውል "አብሽር ወንድሜ፣ ምርጥ ዕቃ ነው" አለኝ፤ የወሎን ቃል ከአዲስ አበባ ሰው አፍ ስሰማ ልቤ ቀለጠ መሰለኝ፣ ስለ ፒክስሉ፣ ምስሉን ስለሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች ብዛት፣ ሳልጠይቅ ገንዘቡን አስተላለፍኩ። ዕቃው በአውቶብስ ተጭኖ መጣ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ካርቶኑ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ ሳቆመው ክፍሉ የጠበበ መሰለኝ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት "ይህ 165 የሚባለው ነገር እምብዛም ነው" እያልኩ ለጓደኞቼ ስናገር ነበር። አንድ እሑድ ኮምቦልቻ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የአክስቴ ልጅ ሊጠይቀን መጣ። ቡና እየተፈላ ሳለ ወንበሬ ላይ ተቀመጠና ማውሱን በክብ ሦስት ጊዜ አዞረው።

"ወንድምዬ፣ ይኼማ 60 ነው።"

"165 ነው፣ ካርቶኑን ላሳይህ?"

"ሞኒተሩ 165 ይችላል፤ አንተ ግን 60 ላይ ነው የምትሠራው።"

ልክ ነበር። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ አዲስ ሞኒተር ሲሰካ 60 ላይ ያስቀምጠዋል፤ ካልቀየራችሁት እዚያው ይቀራል። ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ አድቫንስድ ዲስፕሌይ የሚለውን ከፈተና ሪፍሬሽ ሬት የሚለውን ዘረጋው። 165 ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ አልነበረም። ምክንያቱ ገመዱ ነበር። እኔ ከአሮጌው ሞኒተሬ የተረፈውን ኤችዲኤምአይ ገመድ ነበር የሰካሁት፤ ከሞኒተሩ ጋር የመጣው ዲስፕሌይ ፖርት ገመድ በፕላስቲኩ ውስጥ ካርቶኑ ሥር ተቀምጦ ነበር። እሱን ስንሰካ ሁሉም ተከፈተ። ቶናው ሳይቀዳ ልዩነቱን አየሁት።

ገመዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኤችዲኤምአይ 2.0 በ1920 በ1080 ስክሪን ላይ እስከ 240 ኸርዝ ያስኬዳል፣ በ2560 በ1440 ላይ ግን 144 ላይ ይቆማል። የቆየው ኤችዲኤምአይ 1.4 ከዚህም በጣም ያንሳል። ዲስፕሌይ ፖርት 1.2 እና 1.4 ለ1440 ስክሪን 165 ኸርዝ በደንብ ይበቃሉ። ስለዚህ ግራፊክስ ካርዳችሁ ዲስፕሌይ ፖርት ካለው በሌላ ገመድ አትድከሙ። ሌላው ደግሞ ገመዱ መሰካት ያለበት ከታች በአግድም በተቀመጠው ግራፊክስ ካርድ ላይ ነው፤ ከላይ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው ቀዳዳ ከሰካችሁት የገዛችሁት ካርድ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የመጀመሪያውን ስህተት እኔ ሠርቻለሁ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ሁለት ደንበኞቼ ቤት ሄጄ አስተካክያለሁ።

ኸርዙ ከተስተካከለ በኋላ ጨዋታው በጣም አማረልኝ። ሥራው ግን አላማረም። ቀን ቀን ፊደሉ ዳር ዳሩ የተቆረጠ፣ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። መጀመሪያ ላይ የዐይኔ ድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ የሠርግ ካርዱ መጣ። የሙሽራዋ ስም በ"ኸ" ነበር የሚጀምረው፤ እኔ የጻፍኩት በ"ከ"። የመጻፉ ስህተት የራሴ ነው፤ ጣቴ ነው የሳተው። ግን ሦስት ጊዜ ስክሪኑ ላይ አንብቤው ሦስቱንም ጊዜ አላየሁትም። በፊደላችን "ከ" እና "ኸ"ን የሚለየው አናት ላይ ያለች አንዲት ቀጭን መስመር ናት። "ደ" እና "ጀ"ም፣ "ተ" እና "ቸ"ም፣ "ነ" እና "ኘ"ም፣ "ሰ" እና "ሸ"ም እንደዚያው። ያቺ መስመር ስክሪኑ ላይ አንድ ፒክስል ወይም ከዚያ ያነሰ ውፍረት ሲኖራት ወይ ትደበዝዛለች ወይ ከታችኛው ጋር ትጣበቃለች። ካርዱ ታትሞ ካለቀ በኋላ የሙሽራዋ አባት ይዘውት መጡ። አልተቆጡም፤ "ልጄ፣ የልጄን ስም አስተካክልልኝ" ብቻ አሉኝ። በራሴ ወጪ በሙሉ እንደገና አሳተምኩት። ያን ዕለት ማታ ጨዋታ አልከፈትኩም፤ ስለ ፒክስል ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 1920 በ1080 የሚባለው የፒክስል ብዛት ስክሪኑ 24 ኢንች ይሁን 27 ኢንች ያው ነው። ስክሪኑ ሲሰፋ ያው ፒክስል ይለጠጣል። በ24 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች 92 ያህል ፒክስል ይደረደራል፤ እንደኔው ሞኒተር ባለ 27 ኢንች ላይ ወደ 82 ይወርዳል። 27 ኢንቹ 2560 በ1440 ከሆነ ደግሞ 109 ይደርሳል። በ82 እና በ109 መካከል ያለው ልዩነት ለእንግሊዝኛ ፊደል ብዙም ላይታይ ይችላል፤ የላቲን ፊደል ክፍት ነው፣ መስመሩም ጥቂት ነው። የኛ ፊደል እግር አለው፣ አንገት አለው፣ ቀለበት አለው፣ ጎኑ ላይ ቅጥያ አለው። "ሕ"ን፣ "ጵ"ን፣ "ቿ"ን በመጠን 10 ጻፏቸውና በሁለቱ ስክሪኖች ላይ ጎን ለጎን እዩአቸው። የውጭ አገር ሰዎች ስለ ሞኒተር የሚሰጡት ምክር ላይ ይህን አታገኙትም፤ እነሱ የሚፈትኑት በራሳቸው ፊደል ነው።

ስለዚህ የኔ አቋም ይህ ነው፤ የምትጽፉትና የምታነቡት አማርኛ ከሆነ 27 ኢንች በ1080 አትግዙ፣ ኸርዙ ምንም ያህል ቢሆን። በጀታችሁ 1080 ብቻ ከሆነ 24 ኢንች ላይ ቁሙ። 27 ኢንች ከፈለጋችሁ 1440 እስኪሞላላችሁ ታገሡ።

የዚያ ሞኒተር ችግር ፒክስሉ ብቻ አልነበረም። ፓነሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚያሳየው የስክሪኑ ክፍል፣ ቪኤ የሚባለው ዓይነት ነው። ቪኤ ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ በነጩና በጥቁሩ መካከል ያለው ንጽጽር ብዙ ጊዜ 3000 ለ1 አካባቢ ይሆናል፣ አይፒኤስ የሚባለው የተለመደው ፓነል ግን 1000 ለ1 አካባቢ ነው። በጨለማ ክፍል ፊልም ለሚያይ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ዋጋቸው ዝቅ ያሉ ቪኤ ፓነሎች ከጥቁር ወደ ግራጫ ሲቀየሩ ይዘገያሉ፤ በካውንተር-ስትራይክ ጥላ ያለበት በር ውስጥ ሰው ሲያልፍ ከኋላው ጭስ የመሰለ ጥቁር ጅራት ይጎትታል። እኔ ላይ ይህ በግልጽ ይታይ ነበር። ጎባጣነቱ ደግሞ ለዲዛይን አላመቸኝም፤ ባነር ላይ የማሰምረው ቀጥ ያለ መስመር ቀጥ ማለቱን ለማመን በየጊዜው ማስመሪያ ስክሪኑ ላይ ማስጠጋት ነበረብኝ።

ሞኒተሩን ኮምቦልቻ ለሚኖር ጓደኛዬ ሸጥኩለት፤ ከገዛሁበት ቀንሼ። እሱ ፕሌይስቴሽን 5 አለው፣ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጦ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ነው የሚጫወተው። በዚያ ርቀት 82 ፒክስሉ አይታይም፤ ፕሌይስቴሽን 5 እስከ 120 ኸርዝ ስለሚሰጥ ሞኒተሩ አልባከነም፤ የቪኤው ጥቁር ደግሞ ለእሱ ጨዋታዎች አምሮለታል። ለኔ ያልሆነው ዕቃ ለእሱ ልክ ሆነ። ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ሰው ግን ከ60 በላይ ስለማያወጣ ለኸርዝ ብሎ ገንዘብ አይጨምር።

ሞኒተሩን ላደርስለት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ የሄድኩ ቀን አንድ ሌላ ጠቃሚ ነገር አደረግሁ። እዚያ የግንባታ ፕላን የሚሠራ አንድ የማውቀው ልጅ 24 ኢንች፣ 1080፣ አይፒኤስ፣ 144 ኸርዝ ሞኒተር አለው። ለምኜው ሁለት ሰዓት ያህል የራሴን ፋይል ከፍቼ ሠራሁበት። ፊደሉ ከኔው ሞኒተር በጣም ይሻል ነበር፤ ከጎን ስመለከተውም ቀለሙ አይለወጥም። በዚያ ቀን የነበረኝ ገንዘብ ለእሱ ዓይነቱ ይበቃ ነበር፤ ብገዛውም አልጸጸትም ነበር። የከለከለኝ የሥራዬ ጠባይ ነው፤ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ከፍቼ የተማሪውን ረቂቅና የአማካሪውን እርማት ማወዳደር አለብኝ፣ በ24 ኢንች ላይ ሁለቱም ያንሳሉ። በአንድ ገጽ ለሚሠራ ሰው፣ አቅሙ መጠነኛ ግራፊክስ ካርድ ላለው ሰው፣ 24 ኢንቹ ትክክለኛ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ወር ቆጥቤ ለሁለተኛው ሞኒተር ራሴ አዲስ አበባ ሄድኩ። መርጬ የሄድኩት 27 ኢንች፣ 1440፣ አይፒኤስ፣ ጠፍጣፋ፣ ከ144 ያላነሰ ኸርዝ የሚለውን ነው። ከዚህ በኋላ ብራንዱ ብዙም አላስጨነቀኝም፤ በዚህ ደረጃ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ፓነላቸውን የሚገዙት ከጥቂት አምራቾች ነው።

ሱቁ ውስጥ ባለቤቱን "ጋሼ፣ ከመክፈሌ በፊት ግማሽ ሰዓት ልፈትነው" አልኳቸው። መጀመሪያ ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ ከደሴ ድረስ መምጣቴን ስነግራቸው ወንበር አመጡልኝ። የአማርኛውን ገጽ ከፈትኩ፤ ክንድ በሚያህል ርቀት ሳነብ "ኸ"ዋ አንገቷን ቀና አድርጋ ቆማለች። ቀጥሎ በፍላሼ የያዝኳቸውን ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ አረንጓዴ፣ ሙሉ ሰማያዊ፣ ሙሉ ነጭና ሙሉ ጥቁር ሥዕሎች በየተራ ሙሉ ስክሪን አደረግሁ። የሞተ ፒክስል ካለ ከአንዱ ቀለም ላይ እንደ ትንኝ ቁጭ ብሎ ይታያል። ጥቁሩ ላይ ደግሞ መብራት አስጠፍቼ ጠርዞቹን አየሁ፤ አይፒኤስ ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ብርሃን ማሳየቱ ያለ ነው፣ እንደ ባትሪ መብራት የሚፈነጥቅ ከሆነ ግን ሌላ ካርቶን አስከፍቱ።

ከዚያ የእርሳሱን ፍተሻ አደረግሁ። የስክሪኑን ድምቀት ወደ ዝቅተኛው አወረድኩና ነጭ ገጽ ከፍቼ ከፊቱ እርሳስ በፍጥነት አወዛወዝኩ። እርሳሱ እንደ ማራገቢያ ድብዝዝ ብሎ ከታየ መብራቱ አይርገበገብም ማለት ነው። ብዙ የተነጣጠሉ እርሳሶች ሆኖ ከታየ ሞኒተሩ ብርሃኑን የሚቀንሰው መብራቱን በፍጥነት እያጠፋና እያበራ ነው፤ ይህ አንዳንዱን ሰው ራስ ምታት ያስይዛል። እንደኔ ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ ሰው ከኸርዙ እኩል አየዋለሁ። በስልክ ካሜራ ስታዩትም ጥቁር ሰንበር ሲሄድ ሊታይ ይችላል፣ እርሳሱ ግን ይበልጥ እውነቱን ነግሮኛል።

ካርቶኑን በሻንጣ ቦታ አላስጫንኩትም። ከደብረ ብርሃን ብርድ እስከ ከሚሴ ሙቀት ጭኔ ላይ ይዤው ነው የገባሁት፤ ጎኔ የተቀመጡት እናት የሕፃን ልጅ ያህል ስጠነቀቅለት አይተው መንገዱን ሙሉ ጫፉን ደግፈውልኛል።

አሁን ስለ ግራፊክስ ካርድ። የኔ ጂፎርስ 1660 ሱፐር ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 6 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ካርድ። ሞኒተሩ 165 ስላለ ጨዋታው 165 አይሆንም፤ ምስሉን የሚያመርተው ካርዱና ፕሮሰሰሩ ናቸው። 1440 ማለት ከ1080 በ1.8 እጥፍ ገደማ የበዛ ፒክስል ነው፣ ሸክሙም እንደዚያው ይጨምራል። ካውንተር-ስትራይክ ላይ ጥራቱን ዝቅ አድርጌ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ100 ምስል በላይ አገኛለሁ፤ ከባድ በሆኑ አዳዲስ ጨዋታዎች ላይ ግን 60 ለመድረስም ይታገላል። ይህን እያወቅሁ ነው 1440 የመረጥኩት፤ ምክንያቱም የጨዋታውን ጥራት ማታ መቀነስ ይቻላል፣ ቀን ፊደሉን ግን በሴቲንግ አስተካክዬ አልጨምረውም።

አንድ ነገር ግን አታድርጉ። ጨዋታ ከበደ ብላችሁ የዊንዶውሱን ሪዞሉሽን ከ1440 ወደ 1080 አታውርዱ። ፒክስሎቹ እኩል ስለማይካፈሉ ሁሉም ነገር ይደበዝዛል። በእሱ ፋንታ ጨዋታው ውስጥ ኤፍኤስአር የሚባለው አማራጭ ካለ እሱን አብሩት፤ ምስሉን ባነሰ መጠን ሠርቶ ያሳድገዋል፣ ጽሑፉና ምልክቱ ግን ብዙ ጊዜ ጥርት እንዳለ ይቆያል። ካውንተር-ስትራይክ 2 ላይ አለ።

ፍሪሲንክ ወይም ጂ-ሲንክ የሚለውንም አትለፉት። ካርዱ የሚያወጣው ምስል አንዴ 90፣ አንዴ 130 ሲሆን ሞኒተሩ በራሱ ምት ቢሄድ ምስሉ መሐሉ ላይ ይቀደዳል፤ ይህ ቴክኖሎጂ ሞኒተሩን የካርዱን ምት እንዲከተል ያደርገዋል። ከ2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ የጂ-ሲንክ ባለቤት የሆነው የግራፊክስ ካርድ አምራች ኤንቪዲያም ብዙ ፍሪሲንክ ሞኒተሮችን ስለሚቀበል፣ ለጂ-ሲንክ ተብሎ የተለየ ውድ ሞኒተር መግዛት ለኛ ዓይነቱ ሰው አስፈላጊ አይደለም። መካከለኛ ካርድ ላለው ሰው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ የኔ 100 ምስል ያለ መቀደድና ያለ መቆራረጥ ስለሚፈስ ከቀድሞው 165 የተሻለ ሆኖ ይታየኛል።

"1 ሚሊሰከንድ" የሚለውን፣ ፒክስሉ ቀለም የሚቀይርበትን ጊዜ የሚናገር ጽሑፍ፣ አትመኑት። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ይህን ለውጥ የሚያፋጥነውን፣ ኦቨርድራይቭ የሚባለውን ሴቲንግ ወደ መጨረሻው በመግፋት ነው፤ ያኔ ከሚንቀሳቀሰው ነገር ኋላ ነጭ ጥላ ይወጣል። መካከለኛው ላይ ተዉት።

ታናሽ ወንድሜ ከአዲሱ ሞኒተር ምን አተረፈ? በኸርዝ በኩል ምንም። የሚጫወተው የቆየው ፔስ 60 ላይ የተገደበ ነው፤ 500 ኸርዝ ሞኒተር ብታቀርቡለትም 60 ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የምትወዱት ጨዋታ ራሱ ከ60 በላይ ይሄድ እንደሆነ አረጋግጡ። የኳስ ጨዋታ ብቻ የሚጫወት ሰው አይቻለሁ፤ ለማይጠቀምበት ቁጥር ነው የከፈለው።

ኦሌድ ስለሚባለው የፓነል ዓይነት የጠየቁኝ አሉ። ፍጥነቱና ጥቁሩ ተወዳዳሪ የለውም፤ ነገር ግን እንደ ወርድ የላይኛው ሜኑ ያለ የማይንቀሳቀስ ነገር ለሺህ ሰዓታት ሲቆምበት ጥላው ሊቀር ይችላል፣ የብዙዎቹ የፒክስል አደራደርም በፊደል ጠርዝ ላይ ቀለም ያወጣል። ለጽሕፈት ሥራ አልመርጠውም።

ቀለም ላይ ደግሞ፣ ብዙ ጌሚንግ ሞኒተሮች ከካርቶን ሲወጡ ቀለሙን አጋንነው ነው የሚያሳዩት። ቀዩ እሳት ይሆናል። ካርድና ባነር የምትሠሩ ከሆነ በሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ ኤስአርጂቢ የሚለውን መደበኛውን የቀለም ምርጫ ምረጡ። እሱን ካደረግሁ ወዲህ ደንበኛ ስክሪኔ ላይ ያየው ቀይና በህትመት የተቀበለው ቀይ ይቀራረባሉ፤ አንድ ናቸው ግን አልልም።

የመብራቱ ነገር ለኛ ከተማ ሰው ከፓነሉ አይተናነስም። ሞኒተርን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው መብራቱ ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው፣ ከፍና ዝቅ እያለ ሲመጣ። ሞኒተሩንም ኮምፒዩተሩንም ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል ከሚሰጥ ባትሪ) ላይ ሰክቻለሁ። የኔ ዩፒኤስ ትንሽ ናት፤ ሞኒተሩ ብቻውን 35 ዋት አካባቢ ስለሚወስድ አይከብዳትም፣ ኮምፒዩተሩ ጨዋታ ላይ ከሆነ ግን ጥቂት ደቂቃ ነው የምትይዘው። ሥራዬን ሴቭ አድርጌ ለመዝጋት ይበቃኛል። መብራት ሲመጣ አምስት ደቂቃ ሳልቆይ አልከፍትም። ሲገዙ ደግሞ ኃይል መስጫው ከውጭ በአዳፕተር የሆነውን ብትመርጡ ጥሩ ነው፤ ቢቃጠል አዳፕተር መለወጥ ሞኒተር ከማስፈታት ይቀላል።

የሞኒተሩ መቆሚያ ወደ ላይ አይነሳም ነበር፤ በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ከኋላው 100 በ100 ሚሊሜትር የሚለው የብሎን ቀዳዳ ስላለው ክንድ መግጠም ይቻላል፤ እኔ ግን ሰፈራችን ያለ አናጢ የሞኒተሩን እግር የሚያህል የእንጨት መደብ ሠራልኝ። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ አሁን ከዐይኔ ጋር እኩል ነው፣ የአንገቴ ሕመም ሄዷል። የስክሪኑን ጎን ወደ መስኮቱ አዞርኩት፤ ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው የትኛውም ኸርዝ አያድንም። የዐይን ሐኪሞች በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ስድስት ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ማየትን ይመክራሉ። እኔ የጦሳን ተራራ አያለሁ።

ዋጋውን ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ሳምንት ሳይሞላው ሲለወጥ አይቻለሁ፤ የኔን ቁጥር ይዛችሁ ብትሄዱ ወይ ትደነግጣላችሁ ወይ ትታለላላችሁ። ቢያንስ ሦስት ቦታ ጠይቁ፤ ስትጠይቁም "27 ኢንች 165 ኸርዝ" ብቻ አትበሉ፣ "1440 ነው ወይስ 1080? አይፒኤስ ነው ወይስ ቪኤ?" በሉ። መልሱን የማያውቅ ሻጭ ካጋጠማችሁ የሞዴሉን ቁጥር ከጀርባው በፎቶ አስልካችሁ ራሳችሁ ፈልጉት። የኪራይ ውል ስትዋዋሉ እንደምታደርጉት ሁሉ፣ የመመለሻውን ቀን በደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

ሞኒተሩ ቤት ገብቶ ከተሰካ በኋላ በዊንዶውስ ውስጥ ክሊርታይፕ የሚለውን ፈልጋችሁ አምስቱን ገጽ በትዕግሥት ሙሉ፤ የአማርኛው ፊደል በእሱም ትንሽ ይጠራል። የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር ባደሳችሁ ቁጥር ደግሞ አድቫንስድ ዲስፕሌይን ከፍታችሁ ኸርዙን እዩት። የኔ ባለፈው ወር ካደስኩት በኋላ ወደ 60 ተመልሶ ነበር፤ ያወቅሁት የአንድ ተማሪ ረቂቅ ስክሮል ሳደርግ መስመሮቹ ሲደበዝዙብኝ ነው።